የመጨረሻው የመስክ ልምምድና ለዳግማይ ትንሣኤ የታሰበው ሠርግ፦ ከምሥራቅ ጎጃም የአንድ ጉዳይ ጥናት

ይህ ያለዕድሜዋ ልትዳር የነበረች የአንዲት 9ኛ ክፍል ልጅ ጉዳይ ከመጋቢት 2 እስከ ግንቦት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የመጨረሻ የመስክ ልምምዷን በሠራች የሶሻል ወርክ ተማሪ እጅ ያለፈ ነው። ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል መለያ ዝርዝሮች ተቀይረዋል፤ አንዳንዱም ከሌሎች ተመሳሳይ ጉዳዮች ተወስዶ የገባ ነው። ከተማዋን ወይም ሰዎቹን ለመለየት መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ያለዕድሜ ጋብቻ ስለማስቀረት የሚያወራ ሪፖርት ሞልቷል። ይህን ጉዳይ ለትምህርት የሚያበቃው ሌላ ነገር ነው፤ የተማሪዋ ልምምድ ግንቦት 9 አበቃ፣ የልጅቷ ስጋት ግን ክረምቱን ዘልቆ ቢያንስ እስከ ቀጣዩ ጥር ይሄዳል። ተማሪ «ፊልድ» ሲወጣ ስለ አጀማመሩ ብዙ ይነገረዋል፤ እንዴት አስረክቦ እንደሚወጣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳውም።

ሰዓቱና ውሉ

ልምምዱ ክፍል ሳይኖር ሙሉ ሳምንት የሚሠራበት ዓይነት ነበር፤ 10 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ድምሩ 400 ሰዓት። ቁጥሩ አሜሪካ ውስጥ ለሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ከተቀመጠው ዝቅተኛ ሰዓት ጋር እኩል ነው (እዚያ ለማስተርስ 900 ይጠየቃል)። ወረቀት ላይ 400 የሆነው ግን የሀገራችን የበዓል ቀን መቁጠሪያ ሲደርስበት ይቀንሳል። በዚያ ዓመት ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 18፣ የሠራተኞች ቀን ደግሞ ረቡዕ ሚያዝያ 23 ዋለ፤ 16 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። የአርበኞች ቀን እሑድ ላይ ስለወደቀ አልጎዳም። አብዛኛው ተማሪ ይህን የሚያሰላው በ9ኛው ሳምንት ነው፤ ያኔ የሚቀረው መንገድ የሰዓት ቅጹን ማሳበጥ ይሆናል። ይህች ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ስላሰላችው፣ የገጠር ጉብኝት የተደረገባቸውን ሁለት ቅዳሜዎች በተቆጣጣሪዋ ፊርማ አስይዛ ጉድለቱን ሞላች።

የትምህርት ውሉ በመጀመሪያው ዓርብ ተፈረመ፤ ፈራሚዎቹ ተማሪዋ፣ የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪና የዩኒቨርሲቲው መምህር ናቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ተጋላጭ ሕፃናትን መደገፍ» የሚል ዓላማ ነበረው። ይህ ዓላማ ሳይሆን ምኞት ነው፤ ተሠራ አልተሠራ ብሎ መለካት አይቻልም። ተቆጣጣሪዋ ሰረዘችውና በምትኩ ይህ ገባ፦ «ቢያንስ 2 ተገልጋዮችን ከምዝገባ እስከ ርክክብ በራሷ ይዛ፣ ለእያንዳንዳቸው ምዘና፣ ዕቅድ፣ የክትትል ማስታወሻና የርክክብ ሰነድ ታዘጋጃለች።» «ርክክብ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ሳምንት ውሉ ውስጥ መግባቱ በኋላ ነገሩን ሁሉ አዳነው።

ተቆጣጣሪዋ በሶሲዮሎጂ የተመረቀች፣ በሥራው የቆየች ባለሙያ ናት እንጂ ሶሻል ወርከር አይደለችም። ይህ በክልል ከተሞች የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከል ያለው ትውልድ የለም። ስለዚህ ቁጥጥሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የዕለት ሥራውን ባለሙያዋ፣ የሙያ ዘዴውን (ምዘናውን፣ ከተገልጋይ ጋር የተባባሉት ቃል በቃል የሚጻፍበትን የሂደት መዝገብ፣ ሥነ ምግባሩን) የዩኒቨርሲቲው መምህር ያዘ። ከባለሙያዋ ጋር ዘወትር ዓርብ ከሰዓት አንድ ሰዓት፣ ከመምህሩ ጋር በስልክና በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ9ኛው ሳምንት በአካል። ክፍፍሉ በጽሑፍ ካልሰፈረ ሁለቱም «ሌላው ይዞታል» ብለው ይተዋሉ።

ከስም ጥሪ ደብተር

ማክሰኞ መጋቢት 10 የአንድ 9ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህር ጽሕፈት ቤት መጣ። አንዲት ልጅ ስድስት ቀን በተከታታይ ቀርታለች። ከገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በወር 360 ብር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ድርቆሽና ሽሮ እያመጣች የምትማር ናት። ጓደኞቿ ወሬውን ይዘውታል፤ «ቃሏ ታስሯል፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው።»

ጾም የገባው የካቲት 25 ነው፤ በጾም ሠርግ የለም። ፋሲካ ሚያዝያ 20፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሚያዝያ 27። መምህሩ ከመጣበት ቀን ጀምሮ 47 ቀን አለ። ጎጃም ውስጥ ከጥምቀት በኋላ ቢሆን ኖሮ ያለው ጊዜ በቀናት ይቆጠር ነበር።

ልጅቷ ሐሙስ መጋቢት 12 መጽሐፎቿንና ብርድ ልብሷን ልትወስድ ስትመጣ መምህሩ አስጠራትና በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ተደረገ። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ክፍት ነበር፤ ግን በሩ አይዘጋም፣ ደጁ ላይ መታወቂያ የሚያሳድስ ሰው ሁሌም አለ። በትንሽ ከተማ ሚስጥር የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ በር ነው።

ተማሪ በዚህ ሰዓት ላይ «ማንም አይሰማም» ማለት ይቀናዋል። ማለት የለበትም፤ በማግስቱ ለተቆጣጣሪው መንገሩ አይቀርምና። እዚህ የተባለው ይህ ነው፦ «የምትነግሪኝን ለአለቃዬ እነግራታለሁ። ለመንደርሽ ሰው አልናገርም። እኔ እዚህ የምቆየው እስከ ግንቦት 9 ነው፤ ከዚያ በኋላ አለቃዬ ትኖራለች።» ልጅቷ ሁለት ነገር አስመዘገበች። መማር ትፈልጋለች፤ አባቷ እንዲታሰር ግን አትፈልግም። ዕቅዱ የተሠራው በሁለቱ ላይ ነው። ሁለተኛውን ችላ ያለ ዕቅድ ልጅቷን በመጀመሪያው ሳምንት ያጣታል፤ ምስክርነቷን ትለውጣለች ወይም ሌሊት ተነሥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልትቀጠር ትሄዳለች።

ዕድሜ

የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደርጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ሕፃን ያገባን ሰው፣ ሕፃኗ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሚያከራክረው ቁጥሩ ነው። በሀገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ አብዛኞቹ የዚህች ልጅ እኩዮች የልደት ምስክር ወረቀት አልነበራቸውም። አባት 18 ሞልቷታል ብሏል።

ተማሪዋ ወደ ሆስፒታል ለዕድሜ ምርመራ ከመጻፏ በፊት ሦስት ምንጮችን አሰባሰበች። የ1ኛ ክፍል መዝገብ ልጅቷ በ2003 ዓ.ም. በ7 ዓመቷ እንደገባች ይላል። መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ልጅን ትምህርት ቤት ለማስገባት ዕድሜ የሚጨምሩ አሉ። ሁለተኛዋ ምንጭ የክርስትና እናቷ ናት። ክርስትናው የመጋቢት መድኃኔዓለም ዕለት እንደነበር አትጠራጠርም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ ከመጋቢት 27 ላይ 80 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር 7፣ ሥላሴ ላይ ያርፋል። እናትም ስትጠየቅ፣ ሳይነገራት፣ «በሥላሴ ነው የወለድኋት» አለች። ዓመቱን ለማግኘት ደግሞ የሀገር ክስተት ተጠየቀ፤ በ1997ቱ ምርጫ ግንቦት ላይ ልጅቷ ግድግዳ ይዛ ትሄድ ነበር። እንግዲህ ጥር 1996። ሦስቱም ተገጣጠሙ፤ 15 ዓመት ከ2 ወር።

ይህ ዘዴ የሚበላሸው መልሱ ጥያቄው ውስጥ ሲገባ ነው። «በ1996 ነው አይደል የተወለደችው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ይላል፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና።

ቅዳሜ፣ ማርያም

የመጀመሪያው የቤት ጉብኝት ቅዳሜ መጋቢት 21 ነበር። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በአዘቦት ቀን ገበሬ ማሳ ላይ ነው፤ ቤት የሚገኙት ሕፃናትና አሮጊት ናቸው። በማርያም፣ በሚካኤል፣ በመድኃኔዓለም፣ በአቦ በሬ አይጠመድም፤ ከቅዳሴ መልስ አባወራው ደጃፉ ላይ ይገኛል፣ ሰዓትም አለው። ተማሪዋ፣ ባለሙያዋና የክርስትና እናትየዋ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄዱ። ጠላና ቆሎ ቀረበ። ጠላውን በትሕትና መመለስ ያስኬዳል፤ ቆሎውንም መመለስ ግን ቤቱን መናቅ ነው።

ቤቱ አራት ቃዳ (አንድ ሄክታር ገደማ) መሬት፣ ስድስት ልጆች ያሉት ነው። ታላቅ እህቷ በ14 ዓመቷ ተድራ፣ ፈታ ተመልሳለች። ከጉብኝቱ የሂደት መዝገብ ላይ የሚከተለው ተቀንጭቧል፦

አባት፦ «ሕግ ሕግ ትሉኛላችሁ። ሦስት ኮረዳ ባንድ ክፍል፣ በሩ ወደ መንገድ። ማታ ማን እንደሚያንኳኳ ሕጉ ያያል?»

ተማሪዋ፦ «እሱስ ልክ ነዎት፣ አያ። ግን ዕድሜዋ አልደረሰም፤ ሕጉም የሚለው…»

አባት፦ «በይ ተይው፣ ልጄ።»

ተቆጣጣሪዋ ዳር ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «ሰውየው ስለ በሩ ነገረሽ፤ አንቺ ዕድሜ መለስሽለት።»

የሂደት መዝገብ የሚጻፈው ለዚህች መስመር ሲባል ነው። እስከዚያ ቀን ምዘናው «የኢኮኖሚ ችግርና ጎጂ ልማድ» ይል ነበር፤ የትም ቦታ፣ ለማንም ልጅ ሊጻፍ የሚችል ቃል። ኢኮኖሚው እንኳ አላስኬደም፤ ሁለቱም ወገን አንዳንድ በሬ እኩል ለእኩል የሚያዋጡበት ጋብቻ ስለሆነ አባት የሚያተርፈው ነገር አልነበረም። የሚፈራው ስም ነው። ልጁ በኪራይ ክፍል እያለች አንድ ነገር ብትሆን ለሚያገባት አትበቃም፤ ከወዲሁ ይዳራት። ምዘናው እንደገና ተጻፈ፤ የዕቅዱ መሐል ላይም መኖሪያው ገባ።

ደብዳቤው

በ4ኛው ሳምንት ነገሩ ተበላሸ። ጽሕፈት ቤቱ ለቀበሌው «ክትትል እንዲደረግ» ሲል የልጅቷንና የአባቷን ስም ጠቅሶ ደብዳቤ ላከ፤ ደብዳቤው እሑድ በስብሰባ ላይ ተነበበ። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ሌላ ቀበሌ አጎቷ ቤት ተወሰደች፤ አባትም «ሠርግ የሚባል የለም፤ የማኅበር ዝክር ነው የምደግሰው» ማለት ጀመረ። ሠርግን በዝክር፣ በክርስትና ወይም በተዝካር ስም መሸፈን የታወቀ ዘዴ ነው።

ደብዳቤ ሲጻፍ የመዝገብ ቁጥር ብቻ ይጠቀሳል፤ ስሙ ለሊቀመንበሩ በቃል፣ በአካል ይነገራል። ይህ በመመሪያ የማይገኝ፣ ግን ሠራተኛው ሁሉ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ የሚያውቀው ነገር ነው።

ዝክር አለመሆኑን ያወቀችው የክርስትና እናትየዋ ናት። ለዝክር አንድ ጋን ጠላ ይበቃል። እሷ ጎራ ስትል ግን ሦስት ጋን በወይራ እየታጠነ ነበር፤ ጎረቤትም ለዳስ የሚሆን ቋሚ ተጠይቋል። ይህ በተማሪዋ ኢኮማፕ (ተገልጋይዋ በዙሪያዋ ካሉ ሰዎችና ተቋማት ጋር ያላት ግንኙነት የሚሣልበት ንድፍ) ላይ «የክርስትና እናት» በሚለው ክብ ዙሪያ ወፍራም መስመር እንዲሰመር አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ እሷ የጉዳዩ ዓይን ሆነች።

ቅዳሜ፣ አቦ

ሚያዝያ 5 የንስሐ አባት፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች፣ የክርስትና እናት፣ ባለሙያዋና ተማሪዋ ተቀመጡ። ፖሊስ አልተጠራም። ጋብቻው ገና ስላልተፈጸመ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ክስ አልሄደም፤ ቃሉ ከታጠፈ ግን እንደሚሄድ በሰነዱ ላይ ሰፍሯል። በዚህ የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ክሱ ሌላውን ያስተምራል ይላሉ። የልጅቷን ሁለተኛ ቃል ላስታወሰ ሰው ግን ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ንስሐ አባትየው 18 ሳይሞላት እንደማይባርኩ አስቀድመው ተናገሩ። ያ ብቻ ከማንኛውም አንቀጽ በላይ ሠራ። ከዚያ ተማሪዋ በሩን አነሣች፦ «አያ፣ ያ ክፍል አሳስቦኛል ብለው ነበር። ከተማ ውስጥ የሚያምኑት ዘመድ አለ?» ዘመድ ነበር፤ የአባትየው የአክስት ልጅ የሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማሆይ። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ሽማግሌዎቹ «እስክትደርስ ይቆይ» የሚል ቃል ፈለጉ። ቃሉ ሁሉንም ከኀፍረት ያድናል፣ ልጅቷን ግን እንደታጨች ያኖራታል። ባለሙያዋ ልጅቷ ለብቻዋ ትጠየቅ አለች፤ በማግስቱ አጎቷ ቤት ተጠየቀች፣ እንዲቆይ አልፈለገችም። «ፈርሷል» ተብሎ ተጻፈ። ስምምነቱ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አሻራ ተደረገበት፤ አንዱ ንስሐ አባት ዘንድ፣ አንዱ ቀበሌ፣ አንዱ ፋይሉ ውስጥ። የኪራይ ድርሻዋ ቀርቶ አባት እህል ለእማሆይ ይሰፍራል። ልጅቷ ጠዋት ውኃ ትቀዳለች፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ግን የጥናት ነው፤ ይህ በተለይ ተጽፏል፣ ዘመድ ቤት የተቀመጠች ልጅ ሳትታወቅ የቤት ሠራተኛ ስለምትሆን። ሰኞ ሚያዝያ 14 ክፍል ገባች፤ መምህራኑ ያመለጧትን ፈተናዎች እንድትወስድ ፈቀዱ።

ርክክቡ

እዚህ ላይ ብዙ የተማሪ ሪፖርት ያልቃል። ሠርጉ ቀረ፣ ልጅቷ ተመለሰች፣ ፎቶ። በዩኒቨርሲቲው በኩልም የ9ኛው ሳምንት አስተያየት «ጉዳዩ በስኬት ተዘግቷል ተብሎ ይጻፍ» የሚል ነበር። ተቆጣጣሪዋ ተከራከረች፤ ልጅቷ 18 የምትሞላው ጥር 2014 ነው፣ ክረምቱን ሁለት ወር ከመንደሯ ትከርማለች፣ የሚቀጥለው የሠርግ ወቅት ጥር 2012 ነው። በመጨረሻ የተጻፈው «ተላልፏል» ነው።

ርክክቡ ሦስት ሳምንት ወሰደ። በ8ኛው ሳምንት ተማሪዋ የመሰናበቻውን ቀን ለልጅቷ ደግማ ነገረች፤ በ9ኛው ባለሙያዋ፣ ስም ጠሪ መምህሩ፣ የክርስትና እናትና ልጅቷ ባሉበት ስብሰባ ተደረገ፤ በ10ኛው ተማሪዋ ከኋላ ተቀምጣ ባለሙያዋ ንግግሩን መራች። ይህ የመጨረሻው ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል፣ ግን ተገልጋይዋ አዲሷን ሰው አሮጌዋ ሳለች ካላየቻት አዲሷ ጋ አትመጣም።

ተማሪዋ በ3ኛው ሳምንት የግል ስልክ ቁጥሯን ለልጅቷ ሰጥታ ነበር። ክፋት የለውም ይባላል። ችግሩ ከግንቦት 9 በኋላ ጥሪው የሚደርሰው ሥልጣን ወደሌለው ሰው መሆኑ ነው። የጽሕፈት ቤቱና የመምህሩ ቁጥር በደብተሯ ሽፋን ውስጥ ተጽፎ ተሰጣት፤ ሁለቱም ላይ በዚያው ቀን በእማሆይ ስልክ ተሞከረ።

ፋይሉ ወፍራም ነበር፤ ወፍራም ፋይል ደግሞ አይነበብም። የፊት ገጹ ላይ አንዲት ሉህ ተሰፋች፦ ልጅቷ ማን ናት (በቁጥር)፣ ምን ቃል ተገብቷል፣ ምልክቶቹ ምንድን ናቸው፣ ማን ይጠየቃል። ምልክቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ መቅረት፣ ለእማሆይ የሚሰፈረው እህል መቋረጥ፣ መንደር ውስጥ ያልተገለጸ ድግስ። ከሥሩ ስድስት የክትትል ቀናት፤ ግንቦት መጨረሻ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌ፣ የመስከረም ምዝገባ፣ ጥቅምትና ጥር።

በውጤት አሰጣጡ ላይ ጽሕፈት ቤቱ ከፍተኛ ነጥብ ሰጠ፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር ቀነሰ። ከተጠየቁት 8 የሂደት መዝገቦች ሦስቱ በአንድ ማታ ከትዝታ የተጻፉ ነበሩ። ያስታወቀው ቀለሙ አይደለም፤ በሦስቱ ውስጥ ተማሪዋ አንድም የተሳሳተ ቃል አልተናገረችም። ሰው እንዲያ አይናገርም። አንዱን ከማስታወሻዋ ተነሥታ እንደገና እንድትጽፍ ተደረገ። የሂደት መዝገብ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተጻፈ ተማሪው የሚጽፈው ማለት የነበረበትን እንጂ ያለውን አይሆንም።

ከስድስቱ የክትትል ቀናት አራቱ ተፈጸሙ። ባለሙያዋ በጥቅምት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች፤ ተተኪዋ ጥር ላይ ፋይሉን ስታነሣ ያነበበችው የፊቷን ሉህ ነው። ጥር በሰላም አለፈ፤ ልጅቷ 10ኛ ክፍል ነበረች። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ስንቅ ተማሪው ሁሉ ወደየመንደሩ ተመለሰ፤ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 11 ነበር። ከሦስቱ ምልክቶች የመጀመሪያው፣ ስም ጥሪው፣ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ተተኪዋ በዚያው ሳምንት ከሉሁ ላይ ቁጥሩን አውጥታ ለክርስትና እናትየዋ ደወለች፤ ልጅቷ እማሆይ ጋ እንድትቆይም ከአባትየው ጋር ተነጋገሩ።